የሟቹ ቤት ቁልፍ

ገፈርሳ ላይ ድንኳን የሚነቀለው በሦስተኛው ቀን ነው። እድሩ ወንበሩንና ድስቱን ቆጥሮ ይረከባል፤ ከአዲስ አበባ የመጣው ለቅሶ ደራሽ ወደ አምቦ መንገድ ወጥቶ በታክሲ ይበተናል። ግቢው ጸጥ ሲል አከራይዋ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ጠጋ ይላሉ። «እግዜር ያጽናችሁ» ይላሉ። ትንሽ ዝም ብለው «እንግዲህ የቤቱን ነገር…» ይጀምሩና ይተዉታል። ክፉ ስለሆኑ አይደለም። በቡራዩም በሰበታም በሱሉልታም ብዙ አከራይ የሚተዳደረው ግቢው ውስጥ በሠራቸው ሦስትና አራት ክፍሎች ኪራይ ነው።

ይህ ጽሑፍ በዚያች ሰዓት መልስ ለሚጠበቅበት ሰው ነው፤ ለበኩር ልጅ፣ ለወንድም፣ ከባሕር ማዶ ሌሊት እየደወለች ነገሩን ለምታስተባብር እህት። ከሁሉ በፊት ይህን ይለዩ፦ ኪራይ በወር ይቆጥራል፣ ውርስ በፍርድ ቤት ቀጠሮ ይቆጥራል። ቤተሰብ የሚጣላው ሁለቱን ሲያደባልቅ ነው። አንዱ ወገን «ኪራይ ከሚቆጥርብን» ብሎ አልጋና ቴሌቪዥኑን በሣልስቱ ማግስት ይከፋፈላል። ሌላው «ውርሱ ይለቅ» ብሎ ሰው የማይኖርበትን ቤት ስድስት ወር ይከፍላል። ቤት መልቀቅ ንብረት መካፈል አይደለም። ቤቱን በዚህ ወር ለቅቀው ንብረቱን ሳይካፈሉ ማቆየት ይችላሉ፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ አሠራር ነው።

ቁልፍና ወረቀት

ቁልፉ ማን እጅ እንደሆነ ዛሬውኑ ይወቁ። በአንድ ክፍል ቤት እንኳ ሦስት ቁልፍ አይጠፋም፤ አንዱ ከሟቹ፣ አንዱ ከአከራይ፣ አንዱ «ለክፉ ቀን» ብለው ከሰጡት ጎረቤት። ቁልፎቹን ሰብስበው አንድ ሰው ይያዝ፤ ያ ሰው ማን እንደሆነም ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ። ከመዝጋትዎ በፊት የቤቱን አራት ማዕዘን በስልክ ፎቶ ያንሡ። ፎቶው የሚጠቅመው ሌባ ለመያዝ ብቻ አይደለም፤ ወር ቆይቶ «ፍሪጅ ነበረ፣ አልነበረም» የሚል ክርክር ሲነሣ ይዳኝዎታል።

ከዚያ ወረቀት። መታወቂያ፣ የባንክ ደብተር፣ የኪራይ ውል፣ የጡረታ መለያ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የእድርና የእቁብ ደብተር፣ መኪና ወይም ባጃጅ ካለ ሊብሬ፣ ቦታ ካለ ካርታ ወይም የግዥ ውል፣ የጋብቻና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት። ፍራሽ ሥር፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ሥዕል ጀርባ ይፈልጉ። አጎቴ ሲያርፍ ቤት ለማጽዳት የገቡ ዘመዶች አሮጌ የመሰላቸውን ወረቀት ሁሉ ከጉዝጓዙ ጋር አቃጠሉት። አንዱ የኪራይ ውል ነበር፤ የስድስት ወር ቅድሚያ መክፈሉ የተጻፈበት። በቅን ልብ የተደረገ ነው፣ ማንም አልተቆጣም፤ የቀረውን የአራት ወር ብር ግን ማንም አልመለሰልንም። ስለዚህ እስከ አርባው ድረስ ከዚያ ቤት የወረቀት ብጣሽ እንዳይወጣ ያድርጉ።

በሟቹ ስልክ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሲሙን አይዝጉት፣ ካርድም ይሙሉለት፤ የባንክ መልእክት፣ የባለዕዳ ጥሪ፣ የእቁብ ሰብሳቢ ማስታወሻ ሁሉ የሚመጣው በእሱ ነው። በሌላ በኩል የሟቹን የምስጢር ቁጥር ቢያውቁም ከቴሌብርም ሆነ ከባንክ አንድ ብር እንዳያንቀሳቅሱ። «ውክልና ነበረኝ» ማለትም አያድንም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2232 መሠረት ውክልና በወካዩ ሞት ይቋረጣል። ለቀብር ብለው በቅን ልብ ያወጡት ብር በኋላ «ደበቀ» የሚል ስም ያሰጥዎታል። ለቀብር ያወጡትን ከራስዎ አውጥተው ደረሰኝ ይያዙ፤ ሕጉ ከማንም ዕዳ አስቀድሞ እንዲከፈልዎት ያዛል፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

የሞት ምዝገባ

በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሞት መመዝገብ ያለበት በ30 ቀን ውስጥ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ፣ ፍርድ ቤቱም ባንኩም ጡረታውም፣ በዚህ ምስክር ወረቀት ላይ ይቆማል። ሟቹ ጳውሎስ ሆስፒታል ያረፉ ቢሆንም የሆስፒታሉን የሞት ማስረጃ ይዘው ይኖሩበት ወደነበረው ወረዳ (ብዙዎቻችን አሁንም ቀበሌ የምንለው) ይሂዱ። ቤት ውስጥ ያረፉ ከሆነ እድሩ የሚጽፈው ደብዳቤና የቀብር ቦታው ማስረጃ ነገሩን ያቀልልዎታል። የሟቹን መታወቂያ መልሱ ሊሉዎት ስለሚችሉ ቀድመው ከፊትም ከጀርባም ኮፒ ያድርጉት።

በዚህ አካባቢ ሁለት ነገር ሰውን ያመላልሳል። አንደኛው አድራሻ ነው። ሸገር ከተማ ከተመሠረተበት ከ2015 ዓ.ም. በፊት የወጣ ሰነድ «ቡራዩ ከተማ» ይላል፤ ዛሬ የሚጻፈው ደግሞ «ሸገር ከተማ፣ ገፈርሳ ጉጄ ክፍለ ከተማ» ነው። ቦታው ያው ነው፤ መስኮት ላይ የተቀመጠ ሠራተኛ ግን «ይኼ ሌላ አድራሻ ነው» ሊልዎት ይችላል። ሁለቱ አድራሻዎች አንድ መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከወረዳው አስቀድመው ያጽፉ። ሁለተኛው ስም ነው። አማርኛ ላይ በአጭሩ «ገ/ማርያም» የተባለው ሰው ቁቤ ላይ በሙሉው ተጽፎ ይገኛል፤ ባንክ ላይ ደግሞ በአያቱ ፋንታ የቤት ስሙ። የሞት ምስክር ወረቀቱን ከመስኮቱ ሳይለቁ ፊደል በፊደል ያንብቡት። እዚያው ያልታረመ ፊደል በኋላ በፍርድ ቤት «ሁለቱም ስም የአንድ ሰው ነው» የሚያሰኝ ሌላ መዝገብ ያስከፍትዎታል። ዋናውን ያስቀምጡ፣ ኮፒውን አሥር ያድርጉት።

ከአከራይ ጋር

አከራዩን ሳይጠይቁዎት ቀድመው ያነጋግሩ። ከሣልስቱ እስከ ሰባቱ ባለው ጊዜ፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰውና ከእድሩ አንድ ሽማግሌ ሆነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ በቤቱ የሚቀር ሰው አለ ወይስ የለም?

ሚስት፣ ባል ወይም ልጆች የሚቀሩ ከሆነ ውሉ በስማቸው እንዲታደስ ይጠይቁ። በቃል «ኑሩ ኑሩ» መባል ያጽናናል እንጂ ወረቀት አይሆንም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ የኪራይ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ መንገድ እንዲሆን ይላል። በእርስዎ ከተማ እንዴት እየተሠራበት እንደሆነ ወረዳውን ይጠይቁ። ብዙው የገፈርሳ ኪራይ ዛሬም በደላላ ፊት በተጻፈ አንድ ገጽ፣ አንዳንዱም ያለ ገጽ የሚሄድ ስለሆነ አዋጁን እንደ ዱላ ይዞ ከመሄድ እንደ መነጋገሪያ ይዞ መሄድ ይሻላል።

የሚቀር ሰው ከሌለ የመልቀቂያ ቀን ይቁረጡ። የኔ ምክር የያዙት ወር ማለቂያ ነው፤ ከሁለት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ከቀረ ደግሞ ግማሽ ወር እንዲጨመር ይለምኑ። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ሲለምን አከራይ አይጨክንም። ቀኑን በጽሑፍ ይስጧቸው፤ ሁለት መስመርም ትበቃለች።

ከዚያ ሒሳብ። የመጨረሻው ኪራይ የተከፈለው ለየትኛው ወር ነው? ቅድሚያ ተከፍሎ ነበር? ከሆነ ሳይኖርበት የቀረው ወር ይመለሳል፤ ብሩም የቤተሰብ ተላላኪው ሳይሆን የውርሱ ነው፣ ስለዚህ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። መብራቱ የካርድ ቆጣሪ ከሆነ ቀላል ነው፤ የጋራ ቆጣሪ ከሆነ ግን በግቢው ውስጥ ስንት ተከራይ እንደሚካፈል ጠይቀው የመጨረሻውን ድርሻ ይክፈሉ። ውኃም እንዲሁ። (የአዲስ አበባን ጉሮሮ ለዘመናት ሲያርስ የኖረ ግድብ አጠገብ እየኖሩ በጀሪካን መግዛት የገፈርሳ ሰው የለመደው ቀልድ ነው። የውኃ ሻጩም ዕዳ ሊኖር ይችላል፣ ይጠይቁ።) አከራዩ «የስንት ወር ውዝፍ አለበት» ካሉ የየትኛው ወር እንደሆነ በጽሑፍ እንዲያሳዩ በአክብሮት ይጠይቁ። ባንክ ገብቶ ከሆነ ስልኩ ውስጥ መልእክቱ አለ፤ ሲሙን አይዝጉ ያልሁት ለዚህም ነው።

አሁን ዋናው ሥራ፣ የዕቃ ቆጠራ። በዚህ ላይ አይሰስቱ፣ ግማሽ ቀን ይስጡት። ከእድሩ ሁለት ሰው፣ ከአከራይ ወገን አንድ፣ ከወራሾች የቻለ ሁሉ ይገኝ። መጥቶ መቆም ያልቻለው ወራሽ በቪዲዮ ይመልከት። አንድ ሰው ይጥራ፣ አንድ ሰው ይጻፍ፦ አልጋ ከነፍራሹ አንድ፣ ቴሌቪዥን ከነመጠኑ፣ ሲሊንደር፣ ምጣድ፣ ብርድ ልብስ ስንት፣ ጤፍ ስንት ኪሎ። የልብስ ኪስ ሁሉ ይፈተሽ፤ ወርቅና ጥሬ ብር ሲገኝ ለብቻው ተጽፎ ሁሉም ይፈርምበት። የሚበላሸውን እህልና ቅቤ ለሰባቱና ለአርባው ሊያውሉት ይችላሉ፣ ግን ይጻፍ። ሱሉልታ ላይ እንደሚያጋጥመው ሟቹ ላም ወይም በግ የነበራቸው ከሆነ እንስሳ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በምስክር ፊት ይሸጥና ብሩ በአንድ ሰው እጅ በአደራ ይቀመጥ። ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለነዳያን የሚሰጥ ልብስ ካለ ሁሉም ከተስማሙ ይሰጥ፤ አንድ ሰው እንኳ ካመነታ ይቆይ።

ዕቃው ወዴት ይሂድ? ለአንድ ዘመድ፣ በአደራ። ለሦስት ዘመድ ከተበተነ ስሙ አደራ ቢሆንም ክፍፍል ሆኗል። ቦታ ያለው ዘመድ ከሌለ ለጥቂት ወር አንዲት ትንሽ ክፍል መከራየት ከሙሉው ቤት ኪራይ ይረክሳል።

ለጭነቱ አይሱዙ ከመጥራትዎ በፊት የሰፈሩን ጫኝና አውራጅ ያነጋግሩና ዋጋ ይቁረጡ። ዕቃው ደጅ ወጥቶ መኪናው ሞተር አስነሥቶ ሳለ የሚጀመር ድርድር ማን እንደሚያሸንፍበት ያውቁታል። «የለቅሶ ቤት ነው» ማለት ብዙ ጊዜ ዋጋ ያወርዳል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ክረምት ከሆነ የግቢውን መግቢያ አይተው ይምጡ፤ ገፈርሳ ሐምሌ ላይ መኪና የማያስገባ መንደር ብዙ ነው።

ቁልፉን ሲያስረክቡ ወረቀት ይኑር። በዚህ ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፦

«ሟች አቶ … በኪራይ ይኖሩበት የነበረውን አንድ ክፍል ቤት ዛሬ … ቀን … ዓ.ም. ቤተሰባቸው ባዶውን አስረክቧል፣ አከራይም ተረክበዋል። እስከ ዛሬ ያለው የኪራይ፣ የመብራትና የውኃ ሒሳብ ተዘግቷል። ከቅድሚያ ክፍያ የቀረው ብር … ተመልሷል። በቤቱ የነበሩት ዕቃዎች በተያያዘው ዝርዝር መሠረት ለ… በአደራ ተሰጥተዋል። ይህ ርክክብ የውርስ ክፍፍል አይደለም።»

ሁለቱም ወገን ይፈርሙ፣ ሁለት ምስክር ይፈርም፣ እያንዳንዱ ኮፒ ይያዝ። ከመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አንዲት ቃል እንዳይቀንሱ።

የቀበሌ ቤት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አድርጓል፤ ተከራይ የሞተበት የቀበሌ ቤት ለልጅ በውርስ የሚተላለፍ ንብረት አይደለም። አብሮ ይኖር የነበረ ቤተሰብ በአስተዳደሩ መመሪያ መሠረት ውሉ ወደ ስሙ እንዲዞርለት ያመለክታል። ከቤቱ የወጣ ልጅ «ድርሻዬ» ብሎ ቢመጣ ጊዜውን ነው የሚያባክነው።

ወራሽነት

እዚህ ላይ ሰዓቱ ይቀየራል፤ መቸኮል አይረዳም። መጀመሪያ የሚጠየቀው የትኛው ፍርድ ቤት የሚለው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 826 ውርስ የሚከፈተው ሟቹ በሞቱበት ጊዜ ዋና መኖሪያቸው በነበረበት ቦታ ነው ይላል። ስለዚህ ልጆቹ ሁሉ ኮልፌና አየር ጤና ቢኖሩም፣ ሟቹ መርካቶ ይሠሩ የነበሩ ቢሆንም፣ ገፈርሳ ይኖሩ ከነበረ መዝገቡ የሚከፈተው በኦሮሚያ ፍርድ ቤት ነው። የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ቋንቋውን የማይችሉ ከሆነ በፍርድ ቤቱ በር ያሉት አቤቱታ ጸሐፊዎች ይጽፉልዎታል። ውሳኔውን አዲስ አበባ ላለ ባንክ ሲያቀርቡ የተረጋገጠ ትርጉም ሊጠየቁ ስለሚችሉ ለእሱም ብር ይያዙ። ሟቹ ሙስሊም ከሆኑና ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ ጉዳዩን የሸሪዓ ፍርድ ቤት ማየት ይችላል።

የሚጠይቁት በአንቀጽ 996 የተፈቀደውን የወራሽነት ማስረጃ ነው። የሞት ምስክር ወረቀት፣ ዝምድናን የሚያሳይ ማስረጃ፣ የልጆች የልደት ወረቀትና ቤተሰቡን አጥብቀው የሚያውቁ ምስክሮች ያስፈልጋሉ። ብዙ ጊዜ ሦስት ምስክር ያቀርባሉ። ምስክር ሲመርጡ የሟቹን ልጆች ሁሉ ስም ሳይንተባተብ የሚጠራ ሰው ይምረጡ፤ ዳኛው የሚጠይቁት እሱን ነው።

ማን ይወርሳል? ኑዛዜ ከሌለ በአንቀጽ 842 መሠረት ልጆች ይወርሳሉ፣ በእኩል። ከጋብቻ ውጭ የተወለደውም፣ በጉዲፈቻ የተያዘውም ልጅ ነው። ከአባቱ ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ ልጆቹ በእሱ ቦታ ይገባሉ። ልጅ ከሌለ አባትና እናት። ለቅሶ ላይ «ሌላ ልጅ አለው» የሚል ሹክሹክታ ከሰሙ አይሸሹት፣ አጣርተው በአቤቱታው ላይ ይጻፉት። ልጅ ደብቆ ያወጡት ማስረጃ ቆይቶ ሊሰረዝ ይችላል፤ የተደበቀው ልጅም ሲያድግ ይመጣል። ወራሽ ያልሆነ ሰው ንብረቱን ይዞ ከሆነ ደግሞ እርስዎ አይዘግዩ፤ መብትዎንና የንብረቱን መያዝ ካወቁ በኋላ ያለው የክስ ጊዜ በአንቀጽ 1000 መሠረት 3 ዓመት ነው።

ባልና ሚስትን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በሕጋችን ሚስት ከባሏ ወራሾች ተራ አትገኝም። ይህን ሲሰሙ አንዳንድ የባል ወንድሞች ደስ ይላቸዋል፤ አይቸኩሉ። በጋብቻ የተፈራው ንብረት ግማሹ ቀድሞውኑ የእሷ ነው። በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 69/1995፣ መጀመሪያ የጋራው ንብረት ይከፈላል፤ ውርስ የሚባለው ከዚያ የተረፈው የሟቹ ግማሽ ብቻ ነው። ያንን የሟቹ ልጆች ይወርሱታል። የቆጠራ ዝርዝሩ ላይ «የጋራ» እና «የግል» ብለው ቢለዩት ኋላ ላይ አንድ ክርክር ያንሳል።

ኑዛዜ ከተገኘ እንደተገኘ ያስቀምጡት፣ አያርሙት፣ አይጨምሩበት። በሌላ ሰው የተጻፈ ኑዛዜ በአራት ምስክር ፊት ተነብቦ መፈረም አለበት፤ ሟቹ በእጃቸው የጻፉት ከሆነ ከራስ እስከ ግርጌ የእጅ ጽሑፋቸው መሆን አለበት። በአልጋቸው ላይ ሆነው በቃል የተናገሩት ለቀብራቸው አደራና ለትንንሽ ስጦታ ካልሆነ ቤትና ቦታ አያወርስም።

ውጭ አገር ያለ ወራሽ ውክልናውን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሰጥቶ ይላክ፤ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ይሠራል። ይህ ጊዜ ስለሚወስድ ከሰባቱ በፊት ያስጀምሩት። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ወራሽ ካለ ድርሻው ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ አይሸጥም።

ስለ ቦታ አንድ ነገር ልጨምር። ሟቹ ተከራይ ሆነው ሳለ ሌላ ቦታ «ቦታ ገዝቻለሁ» ይሉ የነበሩ ብዙ ናቸው። በቡራዩና በሰበታ ዙሪያ ከገበሬ በመንደር ውል የተገዛ ቦታ ስንት እንደሆነ የሚያውቀው ደላላ ብቻ ነው። ካርታ የሌለው ቦታ የወራሽነት ማስረጃ ስላመጡለት ካርታ አያበቅልም። ወረቀቱን ይዘው መሬት አስተዳደር ሄደው ምን እንደሆነ ሳያረጋግጡ በወንድማማች መካከል አይካፈሉት፤ አንዱ ጥሬ ብር ሌላው እንዲህ ያለውን ቦታ ይዞ የሚለያዩበት ክፍፍል አይቻለሁ።

ዕዳ፣ እቁብ፣ ተዝካር

ሰው ሲሞት አበዳሪ ይበዛል። ለሁሉም አንድ መልስ ይኑርዎት፦ «ወረቀትዎን ያምጡ፣ ተመዝግቦ ይታያል።» በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2472 ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት እምነት ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም። የሱቅ ዱቤ ግን ሌላ ነው፤ የባለሱቁ ደብተር ላይ ያለውን ቆጥረው ይክፈሉ፣ ያ ሰው ሟቹን በክፉ ቀን ያበላ ነው።

እቁብ በሁለት መንገድ ይመጣል። ሟቹ ዕጣ ሳይወጣላቸው ከሆነ የከፈሉት ገንዘብ የውርሱ ሀብት ነው፤ ሰብሳቢውን ያነጋግሩ። ወጥቶላቸው ከሆነ ቀሪው ዕዳ ነው፣ ዋሱም ሌሊት እንቅልፍ የለውም። ለዋሱ ቀድመው ይደውሉለት።

ሕጉ በአንቀጽ 1014 የሚከፈልበትን ቅደም ተከተል ያስቀምጣል፦ የቀብር ወጪ፣ የውርስ ማጣራት ወጪ፣ የሟቹ ዕዳ፣ ቀለብ፣ ከዚያ የኑዛዜ ስጦታ። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ግን ብዙ ሰው የማያውቀውን ይናገራል፦ የተዝካር ወጪ የቀብር ወጪ አይደለም። ማለትም በአርባው በሬ ያረዱ ሰው ወጪውን ከውርሱ ቀድሞ ይከፈለኝ ማለት አይችሉም። ተዝካሩ በስንት ብር እንደሚወጣና ከማን ኪስ እንደሆነ አስቀድመው ተነጋግረው ይጻፉት። ካህኑም እድሩም እንዲህ ያለ ወረቀት አይከለክሉም።

ባንክና መሥሪያ ቤት

ባንኩ የሞት ምስክር ወረቀቱን ሲያይ ሒሳቡን ያግዳል፣ የሚለቀውም በወራሽነት ማስረጃ ነው። ሟቹ በየትኞቹ ባንኮች እንዳላቸው ካላወቁ የስልኩን መልእክቶች ይመልከቱ። ተቀጣሪ ከነበሩ፣ ለምሳሌ በሰበታ ፋብሪካ ውስጥ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያልተከፈለ ደመወዝና ሌላ ክፍያ ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት፤ በሥራ ላይ አደጋ ሞተው ከሆነ ለጥገኞች የሚከፈል ካሣም አለ፣ የፖሊስና የሕክምና ማስረጃ ይያዙ። የጡረታ አበልና በስም ለተጠቀሰ ሰው የሚከፈል የሕይወት ኢንሹራንስ ከውርሱ ውጭ ናቸው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 827ና 828 እንዲህ ይላሉ። ለሚስት የመጣ ጡረታ የሚስት ነው፣ አይካፈልም። ሟቹ ንግድ ፈቃድ ካላቸው በፍጥነት ይመለስ፤ ሱቁ ቢዘጋም ግብሩ አይዘጋም።

ማስረጃው ከወጣና ዕዳው ከተለየ በኋላ የአደራ ዝርዝሩን ይዘው ሽማግሌ ፊት ይቀመጡ። ወራሾቹ ከተስማሙ ክፍፍሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ሁሉም ይፈርሙ፣ ዕቃው ከአደራ ጠባቂው እጅ በየተራ ይውጣ፣ እያንዳንዱ ሲወስድ በዝርዝሩ ላይ ፊርማውን ያኑር። ሊብሬና ካርታ ስማቸው የሚዞረው በዚህ ወረቀትና በወራሽነት ማስረጃው ነው። እድሩን አይርሱ፦ የሚገባው ክፍያ ካለ ይቀበሉ፣ አባልነቱን የሚቀጥል ልጅ ወይም ሚስት ካለች በስሟ ያስዞሩ። ሲም ካርዱን የሚመልሱት ከሁሉ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ለመጨረሻ ጊዜ ከፍተው መልእክቶቹን ያንብቡ፣ የልደት ቀን የመሰለው ቁጥር የባንክ ሒሳብ ሆኖ ተገኝቶ ያውቃል።